መኪናው የት ያድራል?

ቅዳሜ ጠዋት ነው። እናቴ ማድ ቤት እንጀራ ትጋግራለች። እኔ ግቢ ውስጥ አዲሷን የኤሌክትሪክ መኪናዬን ሶኬት ላይ ሰክቼ፣ ቻርጀሩ ላይ ብልጭ ድርግም የሚለውን አረንጓዴ መብራት እንደ ሕፃን ቆሜ አያለሁ። ድንገት "ቀጭ!" አለ። መብራቱ ጠፋ፣ ሬዲዮው ዝም አለ። ከማድ ቤት ድምፅ መጣ፦ "አንተ ልጅ! ሊጡ ምጣድ ላይ ነው እኮ!"

አንድ እንጀራ ተበላሸ። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት የገባኝ ነገር፣ ከመግዛቴ በፊት ስድስት ወር ሙሉ ዩቲዩብ ላይ አፍጥጬ ያልገባኝ ነው።

የመኪና ፍቅር የያዘኝ በአባቴ ዲኤክስ ኮሮላ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ካንዴላ ሲያጸዳ ባትሪ የምይዝለት እኔ ነበርኩ። የሞተር ድምፅ ሰምቼ የቱ ሲሊንደር እንደሚያንኳኳ እገምታለሁ፤ ሁለቴ ሦስቴ ደግሞ ልክ ሆኜ አውቃለሁ። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና ስገዛ ጓደኞቼ "ከዳኸን" ነው ያሉኝ። አሁን ግን በየሳምንቱ አንዱ ይደውላል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?"

የእኔ መልስ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። ማታ የት ነው የሚያድረው?

ሮቶና ቧንቧ

መጀመሪያ ሁለት ቁጥሮችን እንለይ፤ ሻጮችም ሲያምታቷቸው ሰምቻለሁ። ኪሎዋት አለ፣ ኪሎዋት ሰዓት አለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለኖረ ሰው ይህ ከባድ አይደለም። ግቢያችሁ ያለው ሮቶ የሚይዘው የውሃ መጠን ኪሎዋት ሰዓት ነው። ውሃው ከቧንቧ ወደ ሮቶ የሚወርድበት ፍጥነት ኪሎዋት ነው። የመኪናው ባትሪ እንግዲህ ሮቶ ነው። የእኔዋ 60 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትይዛለች።

ወደ እናቴ ምጣድ እንመለስ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል። ከመኪናዋ ጋር የመጣው በእጅ የሚያዝ ቻርጀርም 16 አምፔር ላይ ሲሠራ፣ በ220 ቮልት፣ ያው 3 ኪሎዋት ተኩል ነው። መኪና መሰካት ማለት ሁለተኛ ምጣድ መጣድ ማለት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 32 አምፔር ይሆናሉ። የቤታችን ዋና ብሬከር 25 ነው። ወረደ። ሥራውን በትክክል ነው የሠራው፤ ይህን ግን በዚያን ሰዓት ለእናቴ ማስረዳት አልሞከርኩም።

ልዩነቱ፣ ምጣዱ አንድ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ይጠፋል። መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ሊስብ ይችላል። እዚህ ላይ ነው አደጋው። ከሱቅ የምንገዛው ቀጭን ኤክስቴንሽን ለስልክና ለቲቪ ነው የተሠራው። ለስምንት ሰዓት ያለ እረፍት 16 አምፔር ሲያልፍበት ይግላል። በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቀሰቀሰኝ። ሮጬ ወጣሁ። ኤክስቴንሽኑ እንደ ማስቲካ ለስልሷል፤ ሶኬቱ ውስጥ የገባው ጫፍ ጠቁሯል። ነቀልኩት። እስኪነጋ እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም።

በማግስቱ ኤሌክትሪሺያን ጠራሁ። ሥራው ቀላል ነው፦ ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ ወፍራም የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ ጠንካራ ሶኬት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ቻርጀሩ ኤሌክትሪክ ከማስተላለፉ በፊት ቤቱን ይፈትሻል። ግራውንድ፣ ማለትም መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር የተያያዘ ሽቦ ካላገኘ፣ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል። ብዙ የቆዩ ቤቶች ይህ የላቸውም። የእኔም አልነበረውም። ኤሌክትሪሺያኑ ፈገግ ብሎ "ችግር የለም፣ ኒውትራሉን ከግራውንዱ ጋር ላገናኘውና ይሠራልሃል" አለኝ። (ኒውትራል ማለት ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ ነው።) እውነቱን ነው፣ ይሠራል። ቻርጀሩ ይታለላል። ግን አንድ ቀን ያ የኒውትራል ሽቦ ከቆጣሪው አካባቢ ቢላላ፣ የመኪናው አካል ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል። በሩን የሚነካው ልጄ ሊሆን ይችላል። ብረቱን ገዝተን ጥልቅ አድርገን ቀበርን። አንድ ከሰዓት ፈጀ።

ሰባት ሊትር

አሁን አንድ የሚገርም ሒሳብ። አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ 9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኃይል አለ። ስለዚህ ያ ትልቅ፣ ከወለሉ ሥር የተነጠፈው፣ ዋጋው የማይቀመሰው ባትሪ የሚይዘው ኃይል ሰባት ሊትር ቤንዚን ውስጥ ያለውን ያህል ነው። ሰባት ሊትር! ትልቁ ጀሪካን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሰባት ሊትሩ ቢመዘን አምስት ኪሎ ነው። ባትሪው ከ400 ኪሎ በላይ ይሆናል።

ታዲያ ቪትዝ በሰባት ሊትር አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ስትሄድ፣ ይህ ከሦስት መቶ ሃምሳ በላይ እንዴት ይሄዳል?

መልሱን እጃችሁ ያውቀዋል። ከቦሌ መገናኛ በትራፊክ ከነዳችሁ በኋላ የቤንዚን መኪና ኮፈን ላይ እጃችሁን አሳርፉ። ያ ሙቀት የከፈላችሁበት ቤንዚን ነው። ከተማ ውስጥ ከአንድ ሊትር ጎማውን የሚያዞረው ሩብ ያህሉ ነው። የቀረው በራዲያተርና በማርሚታ ይወጣል። እኛ በቤንዚን ዋናውን የምንሠራው አየር ማሞቅ ነው ማለት ይቻላል፤ መኪናው በመሃል ይንቀሳቀሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከተቀበለው ከአሥር ዘጠኝ እጅ ያህሉን ወደ ጎማ ያደርሳል። ትራፊክ ላይ ሲቆም ደግሞ ሞተሩም ይቆማል፤ ባዶውን የሚያጉረመርም ነገር የለም።

ፍሬን ሲያዝ ሌላ ነገር ይጨመራል። እግራችሁን ከፍጥነት መርገጫው ስታነሱ ሞተሩ ተገልብጦ ጄኔሬተር ይሆናል። የመኪናው ግፊት ኤሌክትሪክ ሆኖ ወደ ባትሪ ይመለሳል፣ መኪናውም ፍጥነቱን ይቀንሳል። የፍሬን ሸራ ስለማይሠራበት ዓመታት ይቆያል። የእኔን መካኒክ ያሳዘነው ይሄ ነው። ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ፣ አሁን ሸራም አይቀየር? "ታዲያ ምን ልሥራልህ?" አለኝ። ጎማ ይቀራል አልኩት። መኪናው ከባድ ስለሆነና ከቆመበት ሲነሳ ስለሚፈነጠር ጎማ ቶሎ ይበላል። የሾክና የመሪ እግሮችም እንደዚያው።

ዳገት የሚወድ መኪና

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የሚጻፈው ሜዳ ላይ፣ ባሕር ጠለል አጠገብ ለሚኖሩ ሰዎች ነው። እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች የምንኖረው 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ይሄ ብዙ ነገር ይለውጣል።

እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የቤንዚን ሞተር የሚተነፍሰው አየር ነው። አየር አምቆ የሚያስገባለት ተርቦ የሚባለው መሣሪያ ከሌለው ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ለዚህ ነው የእንጦጦን መንገድ በትንሽ ሞተር ስንወጣ ኤሲ አጥፍተን፣ ማርሽ ቀንሰን፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት ዘንበል የሚለው። (ዘንበል ማለቱ እንደማይረዳ አውቃለሁ። እኔም እላለሁ።) የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም። ከፍታው አይሰማውም። እንዲያውም ስስ አየር መኪናውን ወደ ኋላ የሚገፋው በትንሹ ስለሆነ ይጠቅመዋል። የአዲስ አበባ አየር ጠባይም፣ ብዙ የማይሞቅ ብዙም የማይበርድ፣ ለባትሪ ምቹ ነው። አፋር ወይም ድሬዳዋ ብትኖሩ ሌላ ታሪክ ነው፤ ሙቀት ባትሪን ያስረጃል።

ዳገት የሚበላውን ቁልቁለት በከፊል ይመልሰዋል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ከፍ ለማድረግ፣ ከርቀቱ በተጨማሪ፣ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ አዳማ ያለው የከፍታ ልዩነት በዚህ አካባቢ ነው። ስለዚህ በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ስወርድ ከባትሪዬ 20 በመቶ ያህል ይሄዳል። ስመለስ፣ ያው መንገድ፣ ያው ፍጥነት፣ 30 በመቶ። መጀመሪያ ቀን ይህን ስላላወቅሁ ከቃሊቲ ወዲያ ላብ በላብ ሆኜ ነበር። ዓባይ በረሃን ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ብትወርዱ ደግሞ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። በቤንዚን መኪና ፍሬኑ እስኪሸት የምንወርደው መንገድ፣ በኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ይሞላል። ቁጥሩ ሲጨምር ማየት ሱስ ያስይዛል። ከድልድዩ ወዲያ ደጀን ለመውጣት ግን ያንኑ መልሶ፣ ጨምሮም ይወስዳል።

አንዲት ወጥመድ አለች። ባትሪው 100 በመቶ ከሞላ፣ ከቁልቁለት የሚመለሰው ኤሌክትሪክ የሚገባበት የለም። ሮቶው ሞልቷል። ስለዚህ እግራችሁን ስታነሱ መኪናው እንደለመዳችሁት ፍጥነቱን አይቀንስም። ሽሮ ሜዳ ወይም እንጦጦ አናት ላይ የምትኖሩ፣ ማታ ጢም አድርጋችሁ ሞልታችሁ ጠዋት ቁልቁል አትውረዱ። 80 ወይም 85 ላይ አቁሙት። ቁልቁለቱ ራሱ ይሞላላችኋል፣ በነጻ።

"ሻጩ 500 ይሄዳል ብሎኝ ነበር"

አልዋሸም። ቁጥሩን ያነበበው ከቻይናው መለኪያ ነው፤ ሲኤልቲሲ ይባላል። እዚያ ፈተና ላይ መኪናው በአማካይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ቆም፣ ነዳ፣ ቆም። ልክ እንደ ሜክሲኮ አደባባይ አመሻሽ። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ቁጥሩ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ወደ ሐዋሳ በ100 ስትነዱ ግን ከተጻፈው ከሁለት ሦስተኛው በላይ አትጠብቁ። የቤንዚን መኪና ከተማ ውስጥ ይበላል፣ መንገድ ላይ ይቆጥባል። ይሄኛው ተቃራኒ ነው። የለመድነውን ልማድ መገልበጥ አለብን።

መንገድ ላይ ፈጣን ቻርጀር ካገኛችሁ ደግሞ አንድ ነገር ታያላችሁ። ከ20 እስከ 70 በመቶ ይሮጣል። ከ80 በኋላ ይንፏቀቃል። ሰው ቻርጀሩ የተበላሸ ይመስለዋል። ሚኒባስ ሲሞላ አስቡት። ሦስት አራቱ ሰው ዘሎ ገብቶ የፈለገው ወንበር ላይ ይቀመጣል። አስረኛው ላይ ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ!" ይላል። የመጨረሻውን ሰው ለማስቀመጥ የሚወስደው ጊዜ የመጀመሪያዎቹን አምስት ሰዎች ይበልጣል። ባትሪ ውስጥ የሚገቡት የሊትየም ቅንጣቶችም ቦታ ይፈልጋሉ፤ እያጨናነቁ በግድ ቢገቡ ባትሪው ይጎዳል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከኋላችሁ ሰው ተሰልፎ 80 ላይ ደርሳችሁ "እስኪሞላ" የምትቀመጡ ከሆነ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ለራሳችሁም አይጠቅምም።

የባትሪው ዓይነትም ልማዳችሁን ይወስናል። ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉ። አንዱ ከብረትና ከፎስፌት የሚሠራው ነው፤ የቻይናው መኪና አምራች የቢዋይዲ "ብሌድ" ባትሪ ከዚህ ወገን ነው። ይህኛው ከበድ ይላል፣ ግን ሙሉ መሙላትን ይችላል። እንዲያውም በሳምንት አንድ ጊዜ 100 መሙላት ይመከራል፤ ያለዚያ መኪናው የቀረውን በትክክል ማንበብ ያቅተዋል። ሌላው ኒኬልና ኮባልት ያለበት ነው፤ ከተማችንን የሞላው የፎልክስቫገን አይዲ 4 በአብዛኛው ይህን ይጠቀማል። ቀለል ያለ ነው፣ ሩቅ ያስኬዳል። በየቀኑ ግን 80 ላይ ማቆም ይበጀዋል፤ 100 ለረጅም ጉዞ ብቻ። ስትገዙ "ባትሪው የትኛው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ "አዲስ ነው" ብሎ ከመለሰላችሁ ጥያቄው አልገባውም ማለት ነው።

በቪትዝ የተነሳችው

ይህን ብጽፍ ጓደኞቼ እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ለሦስት ሳምንት ከከተማ ወጣሁ። መኪናዋን 70 በመቶ ላይ ግቢ ውስጥ አቁሜ ሄድኩ። ስመለስ በሩ አይከፈትም። ቁልፉን ብጫን ዝም። ብነካካ ዝም። ዋናው ባትሪ ሞልቶ ተቀምጧል፣ መኪናዋ ግን ሬሳ ሆናለች።

ምክንያቱ ይህ ነው። በአብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ውስጥ ሁለተኛ፣ ትንሽ፣ የድሮው ዓይነት 12 ቮልት ባትሪ አለ። በሩን፣ መብራቱን፣ ኮምፒውተሩን የሚያሠራው እሱ ነው። ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኘውን ማብሪያ የሚጫነውም እሱ ነው። እሱ ከሞተ ትልቁ ቢሞላም አይነቃም። የቤቱ ጌታ ሳሎን ተቀምጦ፣ ዘበኛው ቁልፉን ይዞ እንደጠፋ ማለት ነው።

በሩን በሜካኒካል ቁልፍ ከፈትኩ። ከዚያ ጎረቤቴ አሮጌ ቪትዙን አስጠግቶ በኬብል አያያዘልን። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፣ ስክሪኑ ቦግ አለ። ጎረቤቴ ቪትዙን መታ መታ አድርጎ "ጎበዝ ልጄ" አላት። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ ሳቆማት ትንሿን ባትሪ እነቅላለሁ፤ የተቀረው ጊዜ እንደማንኛውም መኪና በሁለት ሦስት ዓመት መቀየር ነው።

ሌሎችም ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ስክሪኑ ቻይንኛ ብቻ ከሆነ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ቋንቋው ይቀየር እንደሆነ በዓይናችሁ እዩ፤ "ቾንግዲየን" ማለት ቻርጅ ማድረግ መሆኑን የተማርኩት በግድ ነው። የቻርጅ ሶኬቱም ይለያያል፦ የቻይናው አንድ ነው፣ ከአውሮፓ የሚመጡት ሌላ፤ የምትሄዱበት ቻርጀር የትኛው እንዳለው አጣሩ። ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፣ ባትሪው ደግሞ ወለሉ ሥር ነው፤ የሰፈር ስፒድ ብሬከርና የተነሳ ኮብልስቶን ላይ በቀስታ። ድምፅ ስለሌላት ደግሞ የሰፈራችን ውሾች መንገድ ላይ ተኝተው አይነሱላትም። በግ ነጂዎችም አይሰሙም። ጥሩምባ አለመንፋት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያወቅሁት አሁን ነው።

ብሩስ?

ጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ሲናገሩ ብዙዎቻችን ቀልድ መስሎን ነበር። አመክንዮው ግን ግልጽ ነው። ነዳጁን በሙሉ የምንገዛው በዶላር ከውጭ ነው። ኤሌክትሪኩን ከዘጠና በመቶ በላይ የምናገኘው ከራሳችን ወንዞች ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። የድንጋይ ከሰል አቃጥለው ኤሌክትሪክ በሚያመነጩ አገሮች "መኪናው ንጹሕ ነው ወይ?" የሚለው ክርክር አለ። እዚህ ያ ክርክር ብዙ ቦታ የለውም።

ግን ከግድቡ እስከ ሶኬቱ ረጅም መንገድ ነው። የሰፈራችሁን ትራንስፎርመር ግድቡ አይቀይርላችሁም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ምድጃ ሲያበራ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ቻርጀሬም ያኔ ይነጫነጫል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሰላም ነው። ስለዚህ የቻርጅ ሰዓቱን ከሌሊቱ ስድስት እንዲጀምር አድርጌዋለሁ። እናቴም የምትጋግረው በቀን ነው።

ዋጋውን እኔ አልነግራችሁም፤ በየጊዜው ስለሚቀየር ራሳችሁ አስሉት። የቤንዚን ሊትር ዋጋን በ7 አባዙ፤ ያ ትንሽ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር የምታወጣው ነው። ከመብራት ደረሰኛችሁ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋን በ18 አባዙ፤ በቻርጅ ጊዜ የሚባክነውን ጨምሮ። ጥንቃቄ፦ የመብራት ታሪፍ እርከን አለው። ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። መኪናው ወደ ላይኛው እርከን ስለሚያወጣችሁ በላይኛው ዋጋ አስሉ። እንደዚያም ሆኖ ልዩነቱን ስታዩ ደጋግማችሁ ታባዛላችሁ።

የማይወደድልኝን ደግሞ ልናገር። እኛ አገር መኪና ባንክ ነው። ቪትዝ ገዝተህ አምስት ዓመት ነድተህ በትርፍ ትሸጣለህ። የኤሌክትሪክ መኪና እንደዚያ አይደለም። እንደ ስልክ ነው፤ በየዓመቱ የተሻለ ይመጣል፣ የድሮው ይረክሳል። በግል አስመጪ የገባ ከሆነ ደግሞ የፋብሪካው የባትሪ ዋስትና አብሮት እንደማይመጣ አስቡ። ገንዘብ ለማስቀመጥ የምትገዙ ከሆነ አትግዙ። ለመንዳት ከሆነ ሌላ ጨዋታ ነው።

እና ያ ጥያቄ። የራሳችሁ ግቢ፣ የራሳችሁ ቆጣሪ ካለ፣ መብራት አልፎ አልፎ ቢጠፋም እንኳ ብዙ አትጨነቁ። ሮቶ ያለው ሰው ውሃ ሁለት ቀን ቢጠፋ ምን ይሆናል? የእኔ ሙሉ ባትሪ የሳምንት የከተማ መንገድ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ግን፣ መኪናው ከታች በጋራ ማቆሚያ ያድራል፣ ሶኬቱ ከላይ ነው። ከመስኮት ገመድ የሚያወርዱ አይቻለሁ። ዝናብ ሲመጣ ልቤ ይቆማል። በየሁለት ቀኑ ሕዝብ ቻርጀር ላይ መሰለፍ ደግሞ የማደያውን ሰልፍ በሌላ ሰልፍ መቀየር ነው፤ ያውም በረዘመ። እንዲህ ላሉት ወዳጆቼ "ትንሽ ቆዩ" እላለሁ።

ከሁሉም የሚከብደው በተከራዩት ግቢ የሚኖሩት ነገር ነው። ያ በቪትዙ ያስነሳኝ ጎረቤቴ አንዱ ነው። ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ቆጣሪው የጋራ ነው፣ ሒሳቡ በየወሩ በነፍስ ወከፍ ይከፈላል። ባለፈው ሳምንት ቪትዙን ሸጦ የኤሌክትሪክ ሊገዛ እንደሆነ ነገረኝ። መጀመሪያ አከራይህን አነጋግር አልኩት። አብረን ሄድን።

እትዬ በረንዳ ላይ ቡና እያፈሉ በጽሞና ሰሙን። ኪሎዋት ብንላቸው አልተዋጠላቸውም። "በምጣድ ንገሩኝ" አሉ። ደስ አለኝ፤ ይህን አውቃለሁ። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ሰባት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ያ ደግሞ ምጣድ ሁለት ሰዓት ሲሠራ የሚበላው ነው። "እትዬ፣ አንድ ቀን ከሚጋግሩት አይበልጥም" አልኳቸው።

ረከቦቱን አስተካከሉና ጎረቤቴን በመነጽራቸው በላይ አዩት።

"እኔ እኮ በየቀኑ አልጋግርም፣ ልጄ።"